ቺፒንግ ካምደን፦ መሄዱስ ቀላል ነበር

ለንደን ሆናችሁ «የእንግሊዝን ገጠር ልይ» ካላችሁ ቺፒንግ ካምደን የምትባለው ትንሽ ከተማ ሂዱ። የመጨረሻውን አውቶቡስ ግን አትመኑ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ለንደን ካለው ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር ተነስቶ ሞርተን ኢን ማርሽ መውረድ፣ ከዚያ አውቶቡስ።

ከተማዋን ያቆማት የበግ ሱፍ ነው። ዊልያም ግሬቭል የሚባል የሱፍ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ የሠራው ቤት ዛሬም ዋናው መንገድ ላይ አለ። በ1401 ሞቶ የተቀበረው ቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መቃብሩ ላይ ባለው ናስ «የመላው እንግሊዝ ሱፍ ነጋዴዎች አበባ» ተብሎለታል። በ1627 ባፕቲስት ሂክስ የሚባል ባለጸጋ ያሠራው የገበያ አዳራሽ ደግሞ ዙሪያውን ቅስት ነው። ቅቤ፣ አይብና ዶሮ ይሸጥበት ነበር። ወለሉ ጎርባጣ ድንጋይ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አታድርጉ። የሱፍ ንግዱ ሲዳከም አሮጌውን ቤት አፍርሶ አዲስ የሚገነባ ባለገንዘብ ጠፋ። ለእኔ የከተማዋን ውበት ያተረፈው ድህነቷ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ። ስልኬ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊደርስ ነው ይላል። ፌርማታው ላይ የተለጠፈው ወረቀትም እንደዚያው። ቆምኩ። ዝናቡ ጀመረ። አውቶቡስ የለም። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ሲያስደምጡኝ ቆይተው አንዲት ሴት «ሰሌዳው ተቀይሯል እኮ» አለችኝ። የት ተጻፈ? «ድረ ገጻችን ላይ።» ታዲያ ወረቀቱን ማን ያንሳው? «እሱ የእኛ ሥራ አይደለም፣ የአካባቢው አስተዳደር ነው።» አስተዳደሩ ደግሞ ቢሮውን ዘግቶ ሄዷል። ታክሲ ፈለግኩ፤ እዚያ ታክሲ መንገድ ላይ አይያዝም፣ አስቀድሞ ይቀጠራል። የደወልኩለት ሁሉ «ዛሬ ሙሉ ነኝ» ይላል። በመጨረሻ አንዱ መጣልኝ፤ የጠየቀኝ ዋጋ ከለንደን የባቡር ቲኬቴ በለጠ። ከፈልኩ፤ ምን ላድርግ?

የሚያበግነው፣ ከተማዋ የራሷ ባቡር ጣቢያ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1966 ተዘጋ። ሐዲዱ አሁንም አለ፤ ባቡሩ ሳይቆም ውልብ ብሎ ያልፋል።

የእግር ጉዞ ለሚወድ ሌላም መውጫ አለ። ኮትስዎልድ ዌይ የሚባለው የእግር መንገድ ከዚህ ተነስቶ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ባዝ ይደርሳል። 164 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያን ምሽት አስቤበት ነበር።

የቱሪስት በራሪ ወረቀቶች «መኪናችሁን ቤት ተዉ» ይላሉ። አትስሟቸው። መኪና ያለው ጓደኛ ካላችሁ ቤንዚኑንና ምሳውን ችላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ከሌላችሁ የመመለሻ ታክሲውን ከለንደን ሳትነሱ ቅጠሩ።