ላስቲኩ በየት በኩል ነው?

ደሴ ላይ ጉድጓድ ቆፍረህ ብትገባ ይበርድሃል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ቅዝቃዜ በቁፋሮ አይገኝም። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ ከላይ ጃኬት ለብሰን እንነሳለን፣ ታች ስንደርስ አውልቀን በእጃችን እንይዘዋለን። ጠለቅ ያለ አፈር ደግሞ በጋና ክረምቱን አቻችሎ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሞቅ ባለ ከተማ ምድር ቤት መሥራት ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል እንጂ ብቻውን አያቀዘቅዝም።

እኔ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ባብዛኛው የሥጋ ቤት ፍሪጅና የሆቴል ኮልድ ሩም ነው። የወይን ጠጅ ማከማቻ ወሎ ውስጥ በየቀኑ የሚመጣ ሥራ አይደለም። ጣሊያን አገር ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ አንድ ሰው ግን ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሲሠሩ ከሥር አንድ ክፍል አስቆፈሩ። የሠራላቸው ሌላ ሰው ነው። እኔ ጋ የደወሉት ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነው።

"ልጄ፣ ግድግዳው ውሃ ይተፋል፤ ቡሹ ደግሞ እየደረቀ ነው" አሉኝ።

ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሄጄ ሳይ ግን እውነታቸውን ነው። መደርደሪያው ያምራል፣ ጠርሙሶቹ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይሠራል። የእርጥበት መለኪያው 42 በመቶ ይላል። ለወይን ከ60 እስከ 70 ቢሆን ነው የሚመረጠው። አየሩ ሲደርቅ ቡሹ ይኮማተራል፤ ቡሹ ሲኮማተር አየር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የጠርሙሱ ዋጋ ምንም ቢሆን ወይኑ ወደ ኮምጣጤ ነው ጉዞው። ጋሼም ይህን ስለሚያውቁ ባልዲ ሙሉ ውሃ መሀል ላይ አስቀምጠዋል። በባልዲው ሥር ያለው ወለል ደረቅ ነው። ግድግዳው ሥር ያለው እንጨት ግን አብጧል፣ ሽታው ደግሞ የሻገተ ጤፍ ያለበት ጎተራ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ሠሪ በስልክ ተጠይቆ መልሱ ዝግጁ ነበር። ውሃው ከመሬት የመጣ ነው፤ ከውጭ ተቆፍሮ ሬንጅ ይቀባ። አነጋገሩ ያሳምናል። ወጪው ግን ሌላ ቤት ያሠራል።

ከእኔ ጋር ኮልድ ሩም የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ፤ ሁሉም ሀጂ ነው የሚላቸው። ሥራው ምን እንደሆነ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ ባይፈልጉ አልፈርድባቸውም። "ጠርሙሱን አንተ አንሳ፣ ግድግዳው የኔ ነው" ብለው መጡ። ከዚያ አራቱን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሩ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ የክፍሉ ሦስት ጎን ከአፈር ጋር ነው፤ አራተኛው የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ይዋሰናል። የባሰ ያበጠው ይሄኛው ነው።

"ከመሬት ቢሆን የመሬቱ ግድግዳ ይቀድም ነበር" አሉ።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በአፈር በኩል ያለውን ግድግዳ ትንሽ ገልጠን ብሎኬቱ ላይ የላስቲክ ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀን ለጠፍንና አደርን። ውሃው ከግድግዳው የሚወጣ ከሆነ ከላስቲኩ ጀርባ ይታያል። ጠዋት ስናነሳው ጀርባው ደረቅ ነው። አፈሩ በነፃ ተሰናበተ።

ቀጥለን በልብስ ማጠቢያው በኩል ያለውን ቺፑድ ፈታን። ከቺፑዱ ጀርባ ላስቲክ አለ። ከላስቲኩ ጀርባ ግላስ ውል፣ ማለትም ሙቀት የሚከላከለው የመስታወት ጥጥ፣ ከዚያ ብሎኬት። ላስቲኩን በቢላዋ ጫፍ ነካ ሳደርገው ውሃው በእጅጌዬ ገብቶ ክንዴ ድረስ ሄደ። ግላስ ውሉን ሳወጣው በእጄ ይጨመቃል። እንጨቱ በጥፍር ይፋቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለስላሳ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡ ጠርሙሱ ያልበዋል። ውሃው ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም፤ ከአየሩ ነው። 25 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ ውሃውን መጣል ይጀምራል። የወይን ክፍል ደግሞ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ከልብስ ማጠቢያው የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር በብሎኬቱ ቀዳዳ አልፎ፣ በግላስ ውሉ ውስጥ ሰርጎ፣ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ሲደርስ ውሃውን እዚያው ያራግፈዋል። ላስቲኩ ወደ ክፍሉም አያሳልፈው፣ ወደ ኋላም አይመልሰው። ክፍሉ ውስጥ ድርቅ፣ ግድግዳው ውስጥ ጎርፍ።

ላስቲኩ መሆን የነበረበት በሞቃቱ በኩል ነው፤ ማለትም ከግላስ ውሉ ውጭ፣ ብሎኬቱን ተጠግቶ። እርጥበቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው መቆም ያለበት። የመጀመሪያው ሠሪ ላስቲክ አልረሳም። ጥሩ ላስቲክ በጥንቃቄ፣ በተሳሳተው ጎን ነው የለጠፈው።

አየሩን ያደረቀው ግን ማሽኑ ነው። የተገጠመው ተራ የቤት ኤሲ ነው። እሱ 16 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በቃኝ ይላል። እንዳይቆም ሴንሰሩ ላይ ትንሽ ማሞቂያ አስረውበታል፤ ክፍሉ ገና እንደሞቀ እየመሰለው ይሠራል። ብልሃቱን አልነቅፈውም፣ ለአትክልት መጋዘን ያዋጣል። ለወይን ግን አይሆንም። የውስጡ ቱቦ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዝና የአየሩን ውሃ ስቦ በረዶ ይሠራበታል። ለወይን ተብለው የሚሠሩት ማሽኖች ሰፋ ያለና ብዙ የማይቀዘቅዝ ቱቦ ስላላቸው እርጥበቱን ያን ያህል አይነጥቁም። በዚያ ላይ የኤሲው የውጭ አካል ደረጃው ሥር ነበር የተቀመጠው። ያወጣውን ሙቀት መልሶ ይጠጣዋል።

"ሁሉም ይፍረስ ነው የምትለኝ?" አሉ ጋሼ።

ሀጂ ቀደሙኝ። "አብሽሩ፣ ግንቡ አይነካም።"

እውነትም ግንቡ አልተነካም። የበሰበሰውን አወጣን፣ ብሎኬቱን ለስነን አደረቅን፣ ላስቲኩን ልስኑ ላይ ለጠፍን፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በፕላስተር ዘጋን። ጣሪያውም አልቀረም፤ ሰዎች የሚረሱት ጣሪያውን ነው። ከዚያ ውሃ የማይጠጣ ጠንካራ ፎም። በሩ የጓዳ በር ነበር፣ ከሥሩ ጣት ያስገባል። በወፍራም የውጭ በር ቀይረን ዙሪያውን ጎማ አደረግንለት። አዲሱ ማሽን ሙቀቱን በቱቦ ወደ ጓሮ ያወጣል። የሙቀት መለኪያውን ጫፍ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ከተትነው፤ በር በተከፈተ ቁጥር የአየሩን መለዋወጥ ሳይሆን ወይኑ ራሱ የሚሰማውን እንዲነግረን።

ጋሼ መብራት ሲጠፋስ ብለው ጄኔሬተር ሊገዙ ነበር። ፎሙ በደንብ ከተዘጋና በሩ ካልተከፈተ ክፍሉ ቶሎ አይሞቅም። ወይንን የሚጎዳው በየጊዜው መውጣት መውረዱ ነው፤ ቀስ ብሎ አንድ ሁለት ዲግሪ ቢጨምር ምንም አይሆን። አደጋው መብራት ሲመጣ ነው። ኮምፕሬሰር ወዲያው ከተነሳ ሊቃጠል ይችላል። የተወሰኑ ደቂቃዎች ጠብቆ የሚያስነሳ መከላከያ ከጄኔሬተር እጅግ ይረክሳል።

ወይኖቹን ስንመልስ ጋሼ ዝዋይ አካባቢ የተጠመቁትንም ከጣሊያኖቹ ጋር ሊያስተኙ ነበር። ብዙው ወይን ቶሎ እንዲጠጣ ነው የሚሠራው፤ ማስቀመጥ ሁሉንም አያሻሽልም። "እነሱን ለእንግዳ ያውጧቸው" አልኳቸው። ይህ ከሙያዬ ውጭ ነው፣ ግን ቦታው ጠቦ ነበር።

ሀጂ ሂሳባቸውን ከተቀበሉ በኋላ የተረፈውን ፎምና ላስቲክ ለመኑ። ደሴ ለጫጩት ቤት ይፈልጉታል፣ ብርዱ እየገደለባቸው ነው። ላስቲኩን ጠቅልለው ሚኒባስ ላይ ሲጭኑ ቆም አሉ።

"ጫጩት ቤት የሚሞቀው ውስጡ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ነው።"