ነሐሴ 31

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት የቆየ የንብረትና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌሩን እንድናድስለት በጠየቀን ጊዜ፣ በአራት ወር እናስረክባለን ብዬ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ሶፍትዌሩ ፎክስፕሮ በሚባል የቆየ የዳታቤዝ ፕሮግራም መሥሪያ የተሠራ ሲሆን የሠራው ባለሙያ ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ ማይክሮሶፍትም የመጨረሻውን ቪዥዋል ፎክስፕሮ 9 እ.ኤ.አ. በ2004 ካወጣ በኋላ ሌላ አልሠራም፣ ድጋፉንም እ.ኤ.አ. በ2015 አቁሟል። ስለዚህ ነገሩን አሮጌ ኮድ በአዲስ ኮድ የመተካት ሥራ ብቻ አድርጌ አየሁት።

ኮዱን ሳነብ አንድ እንግዳ መስመር አገኘሁ። ሪፖርቱ የእያንዳንዱን ወር ሽያጭ ከ1 እስከ 30 ደምሮ ሲያበቃ፣ ቀኑ 31 ወሩ 12 ሆኖ የተመዘገበውን ሁሉ ለቅሞ በነሐሴ ድምር ላይ ይጨምራል። ለምን እንደሚጨምር የሚገልጽ አንድም ቃል አልተጻፈም። ነሐሴ 31 የሚባል ቀን ስለሌለ ከሌላ ፕሮግራም ተገልብጦ የቀረ ትርፍ ነገር መስሎኝ አዲሱ ሥርዓት ውስጥ ሳላስገባው ቀረሁ።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስኬደን ያለፉትን ዓመታት ስናመሳክር ሌላው ወር ሁሉ ሲገጥም ነሐሴ ብቻ በየዓመቱ ጎደለ። ሦስት ቀን የራሳችንን ኮድ ስንበረብር ከሰነበትን በኋላ ነው የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ መጠየቅ ትዝ ያለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚያ ሶፍትዌር ሲሠሩ የኖሩ እናት ናቸው። ወረቀቱን አንዴ አዩና፣ «እሱማ ጳጉሜን ነው» አሉኝ። «ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም ሲለኝ የት ላድርጋት ልጄ? ለግብርም ቢሆን ከነሐሴ ጋር ደርበን ነው የምናቀርበው።»

የፎክስፕሮ የቀን መስክ፣ ማለትም ቀን የሚገባበት ቦታ፣ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው፤ እሳቸው ግን የሚያስገቡበት የኢትዮጵያን ቀን ነበር። አብዛኛው ቀን ያለ ችግር ይገባል፤ የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ የፈረንጆቹ ካላንደር የሚያሰናክለው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ጳጉሜን ሲሆን፣ እሳቸው አምስቱንም ስድስቱንም ቀን በ31/12 ላይ ማከማቸትን መረጡ፤ የእኛ ወር 31 ስለማይኖረው ከእውነተኛ ቀን ጋር አይምታታም፣ በጣም ብልህ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ጥቅምት ነው። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ ማሽኑ ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ያስባል፤ 30ን ጨርሶ አይቀበልም፣ 29ንም የሚቀበለው የዓመቱ ቁጥር ለአራት ሲካፈል ብቻ ነው። ስለዚህ የጥቅምት 29 እና 30 ሽያጭ በብዙው ዓመት ኅዳር 1 ላይ ተጭኖ ይገባል። የድርጅቱ ባለቤት በየዓመቱ ኅዳር 1 ላይ የሚያዩትን የሦስት ቀን ያህል ሽያጭ «ኅዳር ሲገባ ገበያው ይነቃል» ብለው ሲያስረዱኝ ኖረዋል፤ እውነቱን ስነግራቸው ብዙም ደስ አላላቸውም።

ዓለም እ.ኤ.አ. በ2000 መግቢያ ላይ የፈራውን፣ ዓመትን በመጨረሻ ሁለት አሐዞቹ ብቻ ከመጻፍ የሚመጣውን ጣጣ ይህ ሶፍትዌር ያየው ከሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ዘግይቶ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፣ ሒሳብ ሠራተኞቹ ዓመቱን 00 ብለው ሲያስገቡ ማሽኑ 1900 ብሎ መዘገበው። የዚያ ዓመት ደረሰኞች በሙሉ በዝርዝሩ አናት ላይ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ተደርድረው ነው ያገኘናቸው።

ይህን ሁሉ ስናስተካክል ያስቀመጥነው ደንብ፣ አዲሱ ዳታቤዝ ቀንን በአንድ ወጥ አቆጣጠር ይዞ በስክሪኑ ላይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን እንዲመልስ፣ አሮጌው መዝገብ የያዘው የመጀመሪያ ቁጥር ደግሞ ሳይነካ በሌላ ዓምድ እንዲቀመጥ ነው። ጳጉሜንን ከ31/12 ለማውጣት የደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር ረዳን፤ ሆኖም ደረሰኙ የስንተኛው የጳጉሜን ቀን እንደሆነ የወረቀቱ ጥራዝ ካልተገኘ የሚታወቅበት መንገድ ስለሌለ፣ «ቀኑ ያልተለየ» ብለን ተውነው። ገምቶ ጳጉሜን 3 ብሎ መሙላት ይቀላል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ያንን ግምት እውነት አድርጎ የሚያነብ ሰው ይኖራል።

ፊደሉም የራሱ ታሪክ ነበረው። የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚያውቁበት ደረጃ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ይህ ድርጅት የዕቃዎቹን ስም ለብዙ ዓመት የጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ በግዕዝ ቅርጽ በሚተኩ የድሮ ፎንቶች ነው። ፎንቱ ሲነሣ የሚቀረው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው። መቀየሪያ ሠንጠረዥ ሠራን፤ ነገር ግን በአንዱ መስክ ውስጥ «የፊት ፍሬን ሸራ» በአማርኛ፣ የዕቃው ቁጥርና የመኪናው ሞዴል ደግሞ በእንግሊዝኛ ተደባልቀው ስለተጻፉ፣ መቀየሪያው እንግሊዝኛውንም ወደ ትርጉም የለሽ ፊደል ለወጠው። በመጨረሻ ንብረት ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ እያንዳንዱን ረድፍ በዓይኑ እያየ ለያቸው። እኔ በኮድ ለመፍታት ሁለት ሳምንት አጥፍቼበት ነበር፤ እሱ በዘጠኝ ቀን ጨረሰው።

ድርጅቱ ሒሳቡን ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ይይዛል፣ ሽያጩ በካሽ ሬጅስተር ይቆረጣል፣ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ከፊሉ ክፍያ በቴሌብር ይመጣል። ሁሉን የሚያገናኘው ማታ ማታ የዜድ ሪፖርቱን፣ ማለትም ካሽ ሬጅስተሩ የሚያወጣውን የቀኑን ሽያጭ ማጠቃለያ፣ እያየ ወደ ፒችትሪ የሚተይብ አንድ ወጣት ነበር። አንዳንድ ባለሙያዎች የፒችትሪን ፋይሎች ከውስጥ ከፍቶ በቀጥታ መጻፍን ሲመክሩ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልስማማም፤ ፒችትሪ ራሱ ፋይል ከውጭ የሚቀበልበት በር እያለው በመስኮት መግባት ምን ይባላል? አዲሱ ሥርዓት ማታ አንድ ፋይል ያዘጋጃል፣ ወጣቱ አይቶ ያስገባዋል፣ ያልገጠመው በማግሥቱ ይታያል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የደንበኞች ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር በሙሉ አልገጥም ብሎን ነበር። አሥር አሐዝ ያለው ቁጥር በዜሮ ስለሚጀምር፣ ፋይሉን መሃል ላይ በኤክሴል የከፈተው ሰው ሳያውቅ ዜሮዎቹን አስበልቷቸዋል።

ሥራው አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ባለቤቱ ሽግግሩ ከአዲሱ በጀት ዓመት ጋር ሐምሌ 1 እንዲሆን አጥብቀው ጠይቀው ነበር፤ ሁሉም ደንበኛ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ሰኔ 30 ቆጠራ ያለበት፣ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ ሰው ሁሉ የሚደክምበት ሰሞን ስለሆነ ከዚያ የከፋ ጊዜ የለም ብዬ ወደ ኅዳር አራዘምኩት። መጀመሪያ መጋዘኑን ብቻ፣ ሁለት ወር ቆይተን ሽያጩን አሸጋገርን፤ አሮጌው ማሽን አሁን የሚበራው ለማንበብ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ የመጋዘኑ ኃላፊ አሁንም ቢን ካርዱን፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ በእጁ ሲሞላ አገኘሁት። ስክሪኑ ላይ ያው ቁጥር እያለ ለምን እንደሚደክም ስጠይቀው፣ «መብራት ሲጠፋ ደንበኛውን ቆይ ልበለው?» አለኝ። በየማታው የእያንዳንዱን መደርደሪያ ከወጪ ቀሪ የሚያትም ነገር እየሠራሁለት ነው።