የሚያየውንማ ማን ተስፋ ያደርገዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? «ልጄን ካተረፍክልኝ ያደረግክልኝን ሳልደብቅ እናገራለሁ» ብዬ የተሳልኩት ስእለት አለብኝ። ይኸው ልጄ ተርፋ ቤቱን ስታምሰው እያየሁ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ከእሷ በፊት አንድ ጽንስ በስድስተኛ ወሩ አጥቻለሁ። ያኔ በእግዚአብሔር ላይ ያደረብኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ተቀይሜው ነበር። «ለሌላው በየዓመቱ ትሰጣለህ፤ እኔ ምን አድርጌህ ነው?» አልኩት። ቤታችን ያለውን የእመቤቴን ስዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ በሃያ አንድ መሳለሙንም ተውኩ። ባለቤቴ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ማታ ማታ የእኔንም ድርሻ ጸልዮ ይተኛ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ይህችኛዋ በሐምሌ መጨረሻ፣ ገና በ29 ሳምንቷ መጣች። ደም ግፊቴ ድንገት አሻቅቦ ሐኪሞቹ «ከዚህ በላይ መጠበቅ ለሁለታችሁም አደጋ ነው» አሉና በኦፕራሲዮን አወጧት። 1,150 ግራም። ክንዷ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም፣ ደም ሥሮቿ ከላይ ይታያሉ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ዘመድ በር ላይ ይቆምና የሚለው ይጠፋዋል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንዳይል ልጅቷ ማሞቂያ ውስጥ ናት፤ «እግዜር ያጽናሽ» እንዳይል አልሞተች። እልልታ የለ፣ ገንፎ የለ። አማቴ ብቻ ቀጥ ብለው ገቡ፣ ግንባሬን ሳሙና ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ!» አሉኝ። ያን ቀን ተናደድኩባቸው። ዛሬ እግራቸውን ብስም ደስ ይለኛል።

ማሞቂያው ለሁሉም አይበቃም ነበር። ልጄ ትንሽ ስትረጋጋ አንዷ ሲስተር መጥታ «ከዛሬ ጀምሮ ማሞቂያዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ልጅቷ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋ፣ ደረቷ ከደረቴ ተጣብቆ በጨርቅ ትታሰርብኛለች። «ካንጋሮ» ይሉታል። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ፣ ማሞቂያ ያጠራቸው ሐኪሞች ጀመሩት ብላ አስረዳችን። ለካ የእናት ገላ ከማሞቅም አልፎ የልጅን ልብና ትንፋሽ ያረጋጋል። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆች አእምሯቸው ገና ስላልጠና አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። ያኔ ውስጥ እግራቸውን ወይ ጀርባቸውን ማሸት ነው። እሱንም ያሳየችን እሷ ናት።

እንግዲህ ያቺ ሌሊት። የፍልሰታ ሁለተኛው ሱባኤ ነው፤ ዝናቡ ከማታ ጀምሮ አላባራም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት ጠፋ። ማሽኖቹ አንድ ላይ ጮኹ። ጄኔሬተሩ ከውጭ አንዴ አጉረመረመና ጸጥ አለ፤ ደግመው ቢሞክሩት አልነሳ አለ። ሲስተሯ በስልኳ መብራት እየሮጠች ኦክስጅን ላይ ወዳሉት ሄደች። ትንፋሽ የሚሰጠውን የእጅ ፊኛ ለአንዱ ሕፃን እየጨመቀች በጨለማው ውስጥ ትጮህልናለች፤ «እናቶች፣ እንዳትተኙ! ልጆቻችሁን ከደረታችሁ እንዳታወርዱ! ትንፋሻቸውን ስሙ!»

ስልኬ ተዘግቷል። ልጄን አላያትም። የማውቀው አንገቴ ሥር የሚነካኝን ትንፋሿን ብቻ ነው፤ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይመጣል። ከዚያ ቀረ። ጠበቅሁ፤ የለም። እግሯን ጨብጬ በአውራ ጣቴ አሸሁ፤ የለም። «እመቤቴ» አልኩ። እንደዚያ ከተጣላኋት ወዲህ ስሟን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ጀርባዋን ከታች ወደ ላይ አሸሁት። ድንገት ገላዋ ደንገጥ አለና ሳበች! አንገቴ ሥር እንደገና ሞቀኝ። ማልቀስ ሳልጨርስ ደግሞ አቆመች። ደግሞ አሸሁ። ደግሞ መጣች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ሌሊቱ በሙሉ ያው ነው።

በዙሪያዬ ያሉት እናቶች ቀስ ብለው «ኪርያላይሶን» ማለት ጀመሩ። ጥግ ላይ ያለችው ሙስሊም እህቴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች። ማንም ማንን አላየም። እኔ መጸለይ አልቻልኩም፤ «እግዚኦ» ብዬ የሚቀጥለው ይጠፋኛል። በዚያ መሐል ነው ሰንበት ትምህርት ቤት በልጅነቴ ያጠናሁት የጳውሎስ ቃል ሳልጠራው የመጣው፦ «ተስፋ የሚደረግበቱ ነገር ቢታይ ተስፋ አይደለም፤ የሚያየውንማ ማን ተስፋ ያደርገዋል?» ልጄን የማላያት በእውነትም ነበር። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ተስፋ ማለት መጨረሻው ያምራል ብሎ እርግጠኛ መሆን ይመስለኝ ነበር፤ እርግጠኝነቱ ስለሌለኝ ተስፋም የለኝም ብዬ ደምድሜያለሁ። ነገ በሕይወት ታድራለች ብዬ ያን ሌሊትም አላመንኩም። ግን አውራ ጣቴ ከእግሯ ላይ አልተነሳም። የምትቀጥለዋን ትንፋሽ ብቻ እጠብቅ ነበር፤ እግዚአብሔርም የምትቀጥለዋን ይሰጠኝ ነበር። ለሁለት የሚሆን አንዴም አልሰጠኝም።

ሊነጋጋ ሲል መብራቱ መጣ። አየኋት፤ ኮፍያዋ ዓይኗ ላይ ወርዶ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

አጠገቤ መንታ የወለደች፣ ከገጠር የመጣች እናት ነበረች። አንደኛው ልጇ ያን ሌሊት አረፈ። የኔ ለምን ተረፈች፣ የእሷ ለምን ሄደ? መልስ የለኝም፤ ለእሷም መልስ ልሰጣት አልደፈርኩም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ጠዋት ልጇን ገንዘው ሲወስዱላት አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቀሚሷን ከፈተች፣ የተረፈውን ልጇን ደረቷ ላይ አሰረችና ጡቷን በኩባያ ማለብ ጀመረች። «ይኼኛው እርቦታል» አለችኝ። ያ ሁሉ ዓመት የሰማሁት ስብከት እንደዚያ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሲሪንጅ ወተት፣ በጠዋት ሚዛን፣ «ዛሬ 15 ግራም ጨመረች» በሚል ደስታ አለፉ። 1,900 ግራም ስትሞላ ቤታችን ገባን። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የእመቤቴን ስዕል ማዞር ነው። ፊት ለፊቷ ቆሜ የምለው ስላጣሁ ልጄን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ሴት ልጅ በ80 ቀኗ አይደል ክርስትና የምትነሳው? ያ ቀን ጥቅምት ላይ፣ «የመውለጃ ቀንሽ» ተብሎ ካርዴ ላይ በተጻፈበት ሳምንት ዋለ። በጊዜዋ ብትሆን ገና ልትወለድ የነበረችው ልጅ ከልጅነት ጥምቀት ወጥታ፣ ቅብዓ ሜሮን ተቀብታ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብላ በእልልታ ወጣች። የሐና ቃል አፌ ላይ መጣ፤ «ስለዚህ ሕፃን ጸለይሁ»። አማቴ ገንፎውን ያኔ አገነፉት!

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የምለው ብዙ ሰው ነው። ያቺን ሲስተር፣ ኮሪደር ላይ በካርቶን ያደረውን ባለቤቴን፣ ሥራ ውለው ማታ አጥሚት የሚያመጡልኝን ጎረቤቶቼን ፈጣሪ ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

ከመንታዋ እናት ጋር ዛሬም እንደዋወላለን። ልጇ አድጎ ጥጃ ያግዳል አለችኝ በቀደም፤ የሞተውንም በስሙ ነው የምትጠራው። በጸሎታችሁ ስታስቡን እሷንም ከሁለት ልጆቿ ጋር አስቡልኝ፤ ስሟን እግዚአብሔር ያውቀዋል።