ከነአጥሩ ገባሁ

የቆርቆሮ አጥር ሲወድቅ የሚያወጣውን ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያን ድምፅ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ የተቀመጡበት በረንዳ ፊት ለፊት፣ ሁሉም ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም ባለበት ሰዓት አስቡት። ቆርቆሮው ላይ በደረቱ የተዘረረ ሰው ጨምሩበት። እሱ እኔ ነኝ።

አጥሩ የጎረቤቴና የእኔ የጋራ ነው። ተደግፌው የቆምኩት ስልክ ላወራ ነው፤ በእኛ ግቢ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ጥግ ብቻ ነው። ይህን እስካሁን ያመነኝ የለም። ሰፈሩ ሽምግልናውን ላዳምጥ ጆሮዬን ለጥፌ እንደነበር ወስኖ ጨርሷል።

ወድቄ ብቻ ቢያልፍ ምን ነበረበት። ትልቁ ሽማግሌ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉኝ። እኔም አፌ ከቆርቆሮው ሳይላቀቅ «በእግዜር!» አልኩ። አሳዳጊዎቼ ይመስገኑ። እሳቸው ሲነሡ የቀሩት ሽማግሌዎች ተነሡ፣ የልጅቷ አባት ተነሡ፣ ጓዳ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ ወጥተው ቆሙ። እንግዳ ሳይቀመጥ ማን ይቀመጣል? እንግዳው ደግሞ ተኝቷል። ልነሣ ክርኔን በጫንኩ ቁጥር ቆርቆሮው ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር «ተቀመጥ በሞቴ!» ይሉኛል፤ «አረ እናንተ ተቀመጡ» እላለሁ፣ በሆዴ እንደተኛሁ። በመጨረሻ ወንበር መጣልኝ። የት? ከሽማግሌዎቹ ጎን። ተነሥቼ ብሄድ ነውር፣ ብቀመጥ ነውር፤ ነገሩ እስኪያልቅ ጉልበቴን እያሻሸሁ ተቀመጥኩ። ልጅቷም ተሰጠች። ሦስት ሆነው ነበር የመጡት፣ ስለዚህ አሁን ስሜ «አራተኛው ሽማግሌ» ነው። ባለሱቁ ዳቦ ሲሰጠኝ «አባቴ፣ እኔንም ይዳሩኝ እንጂ» ይላል። ሰውዬው በዕድሜ ይበልጠኛል።

ይሁን፣ እሱን ችዬዋለሁ። የማልችለው «አንተ ስትደገፈው ነው የወደቀው» መባሉን ነው። ደህና አጥር ሰው ቢደገፈው አይወድቅም! ማታ ሰው ሲተኛ በባትሪ ቋሚውን አገላብጬ አየሁት። የላዩ ጤነኛ፣ ከአፈር ውስጥ የወጣው ጫፍም ጤነኛ። መካከሉ ላይ፣ ልክ አፈሩ የሚጀምርበት ቦታ፣ ጣት የሚያስገባ ብስባሽ። ባህር ዛፍ ሲቀበር የሚሞተው እዚያ ነው። ከላይ ያለውን ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፣ ከሥር ያለው አየር አያገኝም፣ አፈሩ አፍ ላይ ግን እርጥበቱም አየሩም አለ። ሻጋታውም ምስጡም የሚፈልጉት እሱን ነው።

አናጺው ጫፉን በእሳት ለብልቦ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶታል፤ አልዋሸም። የቀባው ግን ከታች አንድ ስንዝር ነው፣ የቀበረው ሁለት ስንዝር። የሚበሰብሰውን ቦታ መርጦ ዘለለው ማለት ነው። ዘይቱም ሆነ ሬንጁ ከአፈሩ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ካልወጣ ድካም ብቻ ነው። ደግሞስ ሁለት ስንዝር ምን ይይዛል? 2 ሜትር ተኩል ቋሚ ከ60 እስከ 70 ሳንቲም ካልገባ፣ ሙሉ ቆርቆሮ ነፋስ ስለማያሳልፍ እንደ ሸራ ይወጠርና ግርጌውን ይነቀንቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ነፋስ ገዝግዞ የጨረሰውን አጥር እኔ ምርቃቱ ላይ ደረስኩ።

የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ ቋሚው ግርጌ 10 ሳንቲም ያህል አፈር ጫሩና ካቻቢቴ ውጉበት። ያለ ትግል ከገባ አትደገፉት። ባይሆን እንግዳ የሌለበትን ቀን ምረጡ።

ስለ ቆርቆሮው ካነሣሁ አይቀር፣ 32 ጌጅ ነው ብለው 35 የሚሸጡ ነጋዴዎች የእጃቸውን ይስጣቸው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ይህን የማያውቅ ገዢ ደግሞ 35 ነው ቢሉት እንኳ ትልቅ ቁጥር ሰምቶ ተደስቶ ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለቱን ጌጆች ጎን ለጎን አስመዝኑ፤ ቀለል ያለው ራሱን ያጋልጣል። ምስማሩም ሌላ ጣጣ ነው። ጣሪያ ላይ ውሃ እንዳይገባ ጉብታው ላይ ይመታል፤ አጥር ላይ ግን ማገሩን አጥብቆ የሚይዘው ጎድጓዳው ላይ ሲመታ ነው። የእኛው ጉብታው ላይ ተመትቶ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ፣ ሌሊት ሌሊት ሲንኳኳ «ማነው?» እያልኩ ስንቴ ወጥቻለሁ።

አዲሱን ቋሚ እንዴት እንደምናቆም ለጎረቤቴ አስረድቻቸዋለሁ። ጉድጓዱ ሥር ውሃ እንዳይተኛ 10 ሳንቲም ጠጠር፣ ከዚያ ቋሚው፣ ከዚያ 1 ሲሚንቶ በ2 አሸዋ በ3 ጠጠር። የኮንክሪቱ አናት ከአፈሩ ወጣ ብሎ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ ሰሐን መስሎ ከቀረ ዝናቡን እያቆረ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ቆርቆሮው አፈር አይንካ፣ ዶሮ እንዳይሾልክ ከሥሩ ድንጋይ ይደርደር። እንጨት ከሰለቸን 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ ይሻላል፣ ግን አናቱ ላይ ክዳን ካልተበየደበት ዝናብ ገብቶ ከውስጥ ይዝጋል፣ ከውጭ ቀለሙ ሳይለቅ።

«ጋሼ፣ ግማሽ ግማሽ እናዋጣ» አልኳቸው።

«የጣለው ያቆመዋል» አሉኝ።

ብስባሹን አምጥቼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ አሸተቱት፣ መለሱልኝ። ሰርጉ ጥር ውስጥ ነው፤ ዳሱም ወደ እኔ ግቢ ስለሚያልፍ እስከዚያ አጥሩ ባይቆምም ግድ የለም ብለዋል። ብሩን ግን ከአሁኑ እንዳስቀምጥላቸው ይፈልጋሉ።