«ዱፕሊሲቲ» ለምን በተመልካች ልብ አልገባም? መልሱን የፈለግሁበት መንገድ

ስለ ፊልም በጻፍኩ ቁጥር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ ሐያስያን ያወደሱትን ሥራ ተመልካች ፊቱን የሚያዞርበት ምክንያት ነው። ይህን ጉዳይ በአንድ ፊልም ላይ በጥንቃቄ ልመርምር ብዬ ስነሣ የመረጥኩት «ዱፕሊሲቲ»ን ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረ ሲሆን፣ የሚተርከውም ሁለት ግዙፍ የሸቀጥ አምራች ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ምስጢር ለመስረቅ የሚያደርጉትን ፍልሚያ ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ቶኒ ጊልሮይ ነው፤ የበኩር ፊልሙ «ማይክል ክሌይተን» ሰባት የኦስካር እጩነት ስላስገኘለት ሁለተኛውን ሥራውን በጉጉት የሚጠብቀው ብዙ ነበር። ጁሊያ ሮበርትስና ክላይቭ ኦወን መሪ ሚናዎቹን፣ ቶም ዊልኪንሰንና ፖል ጂያማቲ ደግሞ የሁለቱን ኩባንያዎች ባላንጣ አለቆች ሆነው ተጫውተዋል።

አብዛኞቹ ሐያስያን በጎ ነገር ጻፉለት፤ ሮበርትስም ለጎልደን ግሎብ ታጨች። በመጀመሪያው ቀን ከአዳራሽ የሚወጡ ተመልካቾችን እየጠየቀ ደረጃ የሚያወጣው ሲኒማስኮር የተባለ ድርጅት ለፊልሙ የሰጠው ውጤት ግን «ሲ» ነበር። ይህ ውጤት በትምህርት ቤት መካከለኛ ሊባል ይችል ይሆናል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ትኬት የሚቆርጠው ሰው ፊልሙን ለመውደድ አስቦ የሚመጣ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ተመልካች «ሲ» ሲሰጥ እንደ ተከፋ መረዳት ያስፈልጋል። ለሥራው ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመላው ዓለም ወደ 78 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሰበሰበ፤ ሲኒማ ቤቶች ከትኬቱ የሚወስዱት ድርሻና የማስታወቂያው ወጪ ሲታሰብ ይህ ገቢ ትርፍ የሚባል አይደለም።

ሥራዬን የጀመርኩት የራሴን ፍርድ ወደ ጎን ትቼ ታሪኩን በወረቀት ላይ በማስተካከል ነው። ፊልሙ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ሆን ብሎ ያዘበራርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዱባይ ላይ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ባልደረባ ክሌር የእንግሊዙን ሰላይ ሬይን አታልላ ሰነዱን ወስዳበት ትሰወራለች፤ ከዚያ ፊልሙ ወደ ኒው ዮርክ ዘሎ ሁለቱን የመንግሥት ሥራ ትተው ለኩባንያ ሲሰልሉ ያሳየናል። ሮም ላይ ዳግም ተገናኝተው እንደ ተፋቀሩና ሁለቱንም ኩባንያ ለመዝረፍ እንደ ተማከሩ የምናውቀው ግን በየመሐሉ ወደ ኋላ እየተመለስን ነው። እኔም እያንዳንዱን ትዕይንት በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ወረቀቶቹን በተፈጸሙበት ጊዜ ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። በዚህ መልክ ሲነበብ ታሪኩ ቀላልና ግልጽ ነው፤ አንድም የተበጠሰ ክር አላገኘሁበትም። ስለዚህ «ፊልሙ የተምታታ ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ከዚያ ወዲያ አላረካኝም።

ቀጥሎ ያጣራሁት ታሪኩ ለእውነት ምን ያህል ይቀርባል የሚለውን ነው። በፊልሙ ውስጥ የሁሉም ዓይን ያረፈበት ምስጢር የጦር መሣሪያ ወይም የኒውክሌር ቀመር ሳይሆን ራሰ በራነትን የሚያድን ቅባት ነው፤ አንዳንድ ተመልካቾችም ለዚህ ሲባል ይህን ያህል ሰው መሰለሉን ለማመን ይከብዳቸዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የቀጠራቸው ሰዎች የተቀናቃኙን የዩኒሊቨርን ምስጢር ከቆሻሻ መጣያ ጭምር ሲለቅሙ እንደ ነበር አምኗል፤ የተፈለገውም የፀጉር ውበት ምርቶች መረጃ ነበር። ነገሩን ለዩኒሊቨር የገለጸው ራሱ ኩባንያው ሲሆን፣ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ተዘግቷል። በ2006 ደግሞ የኮካ ኮላን ምስጢር ሊሸጡ የሞከሩ ሰዎች ለፔፕሲ ደብዳቤ ጻፉ፤ ፔፕሲ ደብዳቤውን ለተቀናቃኙ አሳወቀ፣ የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮም ገዢ መስሎ ደረሰባቸው፤ ገና ያልወጣ መጠጥ ናሙና ጭምር ያወጣችው ጸሐፊ ስምንት ዓመት እስራት ተፈረደባት። እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ሳውቅ ለጊልሮይ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ሻምፑና ለስላሳ መጠጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ያለባቸው ነገሮች መሆናቸውን በሚገባ አጥንቶ ነው የጻፈው።

ከዚህ በኋላ ፊልሙን ለማያውቁ ሰዎች ማሳየት ነበረብኝ። በሙያና በዕድሜ የተለያዩ ወዳጆቼን ቤቴ ጋበዝኩ፤ ከመካከላቸው አንዲት ኦዲተር፣ አንድ የመድኃኒት አስመጪ ሠራተኛና አንድ በዕድሜ የገፉ ጡረተኛ ነበሩ። ደስ አላችሁ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅ አስቀድሜ ወስኜ ነበር፤ ምክንያቱም ተጋባዥ የጋባዡን ምርጫ ማጥላላት ይከብደዋል። በዚህ ፈንታ ፊልሙን በተወሰኑ ቦታዎች እያቆምኩ፣ በዚያች ሰዓት ማንን እንደሚያምኑና ማን እንዲያሸንፍ እንደሚፈልጉ ብቻ በየግላቸው እንዲጽፉ አደረግሁ። ፊልምን ከሰው ጋር አይቶ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህን መንገድ እንዲሞክረው አጥብቄ እመክራለሁ፤ «ጥሩ ነው» እና «አልወደድኩትም» የማይገልጡትን ብዙ ነገር ይገልጣል።

መግቢያው ላይ ሁለቱ አለቆች በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በዝናብ መሐል፣ በየሠራተኞቻቸው ፊት ሲተናነቁ በዝግታ የሚያሳየው ትዕይንት ሁሉንም ያዛቸው፤ አንድ ቃል ሳይነገር የጥላቻውን ጥልቀት ተረዱ። በመካከሉ ሬይ ምስጢር ለማግኘት ሲል ያሽኮረመማት የኩባንያው የጉዞ ክፍል ሠራተኛ በክሌር ስትመረመር፣ ያደረገችውን አምና ምንም እንደማይቆጫት ስትናገር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ኬሪ ፕሬስተን ይህችን ሴት የተጫወተችበት መንገድ በእኔ ግምት ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ነው። ክሌር ቀመሩን በእጇ ይዛ በሕንፃው ውስጥ ማባዣ ማሽን ስትፈልግ ደግሞ ትንፋሻቸውን ውጠው ይመለከቱ ነበር፤ ማንም ተሰላችቶ ስልኩን አላነሣም።

ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳነብ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። «ማንን ታምናላችሁ» ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ስም ይጽፉ የነበሩት ሰዎች፣ ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ «ማንንም» እያሉ መጡ። «ማን ያሸንፍ» ለሚለው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ሁለቱን ፍቅረኞች ነበር የሚጽፉት። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው የሚሆነውን ይገምታል፦ ሬይና ክሌር ቀመሩን ሊሸጡ ስዊዘርላንድ ሲደርሱ በእጃቸው ያለው ተራ የቆዳ ቅባት መሆኑ ይነገራቸዋል፤ ዊልኪንሰን የተጫወተው አለቃ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አውቆ፣ ተቀናቃኙን ለማዋረድ እነሱን መሣሪያ አድርጓቸዋል። ጡረተኛው ጋሼ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ሌባ ሌባን ሲሰርቅ ማየት ደስ ይለኛል፤ እኔንም አብሮ ከሰረቀኝ ግን ምን ላይ ልደሰት?» አሉኝ። ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነበር። የጠፋው ግልጽነት ሳይሆን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተሸከሙት ተስፋ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ግኝቴን ለመፈተን በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ የተሠራ ሌላ ፊልም ያስፈልገኝ ስለ ነበር፣ በሌላ ቀን ለእነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን «ኢንሴፕሽን»ን አሳየኋቸው። ይህም በመሠረቱ የኩባንያ ስለላ ነው፤ አንድ ባለሀብት የተቀናቃኙን የኃይል ኩባንያ ወራሽ አእምሮ እንዲለውጡለት ባለሙያዎችን ይቀጥራል። ሕልም በሕልም ውስጥ የሚደራረብበት በመሆኑ ከ«ዱፕሊሲቲ» እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ያም ሆኖ በሲኒማስኮር «ቢ ፕላስ» አግኝቶ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ወዳጆቼ የጻፉትም ከዚህ ጋር ተስማማ። ሕጎቹን ከአንዲት አዲስ ገቢ ተማሪ ጋር አብረው ስለሚማሩ አልተወናበዱም፤ ዋናው ሰው ወደ ልጆቹ ለመመለስ መፈለጉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአፍታ አልተጠራጠሩም። የመጨረሻው ትዕይንት ጥያቄ ጥሎ ቢያልፍም፣ ምኞቱን ግን ከእጃቸው አልነጠቃቸውም።

ይህ ንጽጽር ጽሑፌን የማዋቅርበትን መንገድ ለወጠው። በመጀመሪያ ያሰብኩት የጊዜውን መዘበራረቅ በዝርዝር መተንተን ነበር፤ በኋላ ግን ያን ክፍል ወደ አንድ አንቀጽ አሳጥሬ ሰፊውን ቦታ ለፍጻሜው ሰጠሁት። ገቢውን የሚመለከቱትን አኃዞች ከላይ ያኖርኩት አንባቢው ጥያቄውን እንዲይዝ እንጂ እንደ ፍርድ እንዲቆጥራቸው አይደለም። ፊልሙ የተሸጠበትን አኳኋንም ጨመርኩበት፤ ሁለት ዝነኛ ተዋንያን አንድ ላይ ሲቀርቡ ተመልካች የሚጠብቀው የፍቅር ጨዋታና የድል ፍጻሜ ነው፣ ይህ ጥበቃም ለሽንፈቱ የበለጠ ምሬት ሰጥቶታል።

የእኔ አስተያየት ከተመልካቹ ፍርድ ይለያል፤ ጽሑፉንም የጨረስኩት ይህንኑ በማስረዳት ነው። እርስ በርስ መተማመን ያቃታቸው ሁለት ሰላዮች ሀብታቸውን ሁሉ አጥተው በመጨረሻ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከዱባይ ጀምሮ ሲዋሹ ከኖሩበት ጊዜ ሁሉ ይልቅ ለእውነተኛ ፍቅር የቀረቡት ያን ሰዓት ይመስለኛል። ኦዲተሯ በዚህ ሐሳብ አልተስማማችም፤ በእሷ አመለካከት ፊልሙ ለዚህ ስሜት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ትዕይንት ሊሰጠን ይገባ ነበር። ክርክሯ ጠንካራ ስለሆነ ስሟን ሳልጠቅስ ከእኔው አንቀጽ አጠገብ እንዳለ አስገባሁት።