ጄት ላግን የተገላገልኩት በፀሐይ መነጽር ነው

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ተኝቻለሁ፤ ተኝቻለሁ ስል ግን ጀርባዬ አልጋ ነክቷል ለማለት ነው እንጂ እንቅልፍ የሚባል በዐይኔ አልዞረም። የሆቴሉ ክፍል ውስጥ ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ግር ትልና ዝም ትላለች፣ ደግማ ግር ትላለች። ስንት ጊዜ እንዳለች መቁጠር ጀምሬያለሁ። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረኝ ሆዴ ነው። ሲብስብኝ ተነስቼ፣ አውሮፕላን ላይ ሰጥተውኝ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩትን ብስኩት በጨለማ በዳበሳ ፈልጌ ቆሜ በላሁት። ያኔ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። እንዳለ የተውኩት ስለሆነ የሚቆጥረው የቤቴን ሰዓት ነው፤ ምሽት 1 ሰዓት ይላል። ለካ የእራት ሰዓት ነው። ሆዴ አልተሳሳተም።

ይህ የሆነው ከእኔ 8 ሰዓት በሚቀድም አገር፣ ወደ ምሥራቅ በርሬ በደረስኩበት በአራተኛው ሌሊት ነው። ጄት ላግ የሚሉት ይህንን ነው፤ የሰውነት ሰዓት ከደረሱበት አገር ሰዓት ጋር አለመግጠሙን። አራተኛው መሆኑን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ሌሊት ቢሆን ማንም ላይ የሚደርስ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እኔን ያናደደኝ የተባልኩትን ሁሉ አድርጌ አለመሻሻሌ ነው።

የተባልኩት ምንድን ነው? «እንደደረስክ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ውጣ፤ የጠዋት ፀሐይ ሰውነትህን ያስተካክለዋል።» አውሮፕላኑ ያረፈው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነበር። ሻንጣዬን አስቀምጬ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ፀሐዩን ፊት ለፊት እየተቀበልኩ ዞርኩ። ምሳ ከበላሁ በኋላ «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» ብዬ ጋደም አልኩና የነቃሁት ጨለማ ነው። ምሽት 1 ሰዓት። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለሁ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሌሊት በርግጥ አልተኛሁም።

በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረኝ። ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም አለ። ገጹ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች የእኔ ጽሑፍ ናቸው። አራተኛው መስመር መሃል ላይ አንዱ ፊደል ጅራት ያወጣና እስክሪብቶው ቁልቁል እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ ይሄዳል። ዐይኔን ገልጬ ነበር፤ ቢያንስ ገልጬ የነበረ ይመስለኛል። ቤት ቢሆን ሰዓቱ ከሌሊቱ 8 ነበር።

ከዚያ ጉዞ ስመለስ ነገሩን ተቀምጬ አነበብኩት። «የሰውነት ሰዓት» ሲባል ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቦታ ያለው እውነተኛ ነገር ነው። አንጎል ውስጥ፣ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ስፍራ ልክ በላይ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። ጊዜ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። በሴል ውስጥ ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽ እና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት የወሰዱበት ጉዳይ ነው። ሰዓቱ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ይረዝማል። ስለዚህ በየቀኑ መስተካከል አለበት፤ የሚያስተካክለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ብርሃን ነው። እንቅልፍ አይደለም። እኔ አራት ሌሊት ሙሉ ከእንቅልፍ ጋር ስታገል የኖርኩት ከተሳሳተ ጠላት ጋር ነበር።

እዚህ ላይ ያገኘሁት ነገር ግን አፌን አስያዘኝ። ብርሃን ሰዓቱን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይገፋል፤ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው ብርሃኑ ዐይናችን ላይ ያረፈበት ጊዜ ነው። ሰውነታችን በሌሊት ይቀዘቅዛል። በጣም የሚቀዘቅዝበት ሰዓት በተለምዶ ከምንነቃበት 2 ወይም 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ነጥብ በፊት የሚመጣ ብርሃን ሰዓቱን ያዘገየዋል፤ ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው ያስቀድመዋል። ወደ ምሥራቅ የበረረ ሰው ሰዓቱ እንዲቀድምለት ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ የእኔን እናስላ። ቤት ስሆን የምነሳው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ የቅዝቃዜው ነጥብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይሆናል። 8 ሰዓት ስንጨምርበት፣ በደረስኩበት አገር ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ያን ቀን ጠዋት ከ1 እስከ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ስንሸራሸር ሰውነቴ ያየው በእኩለ ሌሊት የበራ ፀሐይ ነው፤ «ገና አልመሸም፣ ቆይ» እያለ ሰዓቱን ወደ ኋላ ጎተተው። ከዚያ ደግሞ በጣም የሚጠቅመኝ ብርሃን፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ያለው፣ ሲመጣ እኔ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቻለሁ። ሁለቱንም በገዛ እጄ ገለበጥኩት! ወደ ፊት 8 ሰዓት መሄድ የነበረበት ሰውነቴ ዓለምን በዚያኛው በኩል ዞሮ በ16 ሰዓት ሊደርስ መንገድ ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

«የጠዋት ፀሐይ» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም። ልዩነቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ለሆነበት ሰው ልክ ነው። ለ8 እና ለ9 ሰዓት ልዩነት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉዳት ነው፤ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዞ እዚያው አገር፣ ያው በረራ፣ ያው የመድረሻ ሰዓት ነበር። ለሙከራ የተመቸ ነው። በዚህኛው ከመነሳቴ 3 ቀን በፊት ጀመርኩ፤ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ተኛሁ፣ አንድ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ተነሳሁ። መተኛቱ እንኳ ብዙም አልሆነልኝ፣ መነሳቱን ግን አላጎደልኩም። የመጨረሻው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነስቼ የቤቱን መብራት በሙሉ አበራሁ፤ የቤት ሰው በእኔ ምን ያህል እንደተማረረ አልናገርም። በዚህ መንገድ ሰዓቴ 2 ሰዓት ያህል ቀድሞልኛል ብዬ ገመትኩ። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ እስከ 7 ሳይሆን እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ብቻ ሆነ።

አውሮፕላኑ ላይ ብዙ የሚነገር የለም። የእጅ ሰዓቴን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀየርኩት፤ «አሁን ቤት ስንት ሰዓት ነው» የሚለው ስሌት ራሱ ያደክማል። አልኮል አልጠጣሁም፤ ቶሎ ያስተኛል ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ውሃ ጠጣሁ፤ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ጉሮሮ ያደርቃል። ይህ ግን የበረራ ድካም እንጂ ጄት ላግ አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ 10 ሰዓት የበረረ ሰው ይደክማል፣ እግሩ ያብጣል፣ አንድ ሌሊት ሲተኛ ግን ይለቀዋል፤ ሰዓት አልተሻገረማ።

ስንደርስ ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳለሁ ጥቁሩን የፀሐይ መነጽር አደረግሁ። ፓስፖርት የሚያዩት ሰው አውልቅ እስኪሉኝ ድረስ አላወለቅሁም። ክፍሌ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁና ደብዘዝ ባለ መብራት ሻንጣዬን አራገፍኩ፣ ሰውነቴን ታጠብኩ፣ 25 ደቂቃ ሸለብ አደረግሁ። ይህን ሁለት ማንቂያ ሞልቼ፣ አንዱን ስልክ ከአልጋው ርቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነው። ልክ 5 ሰዓት ሲሆን መነጽሬን አውልቄ ወጣሁ።

ሰማዩ ደመና ነበር። ብርሃን በሚለካ የስልክ መተግበሪያ ክፍሌ ውስጥ ስለካ 200 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አይሞላም ነበር፤ ውጭ፣ በዚያ ደመና ውስጥ፣ ከ9,000 በላይ አሳየኝ። የስልክ ልኬት ብዙ እንደማይታመን አውቃለሁ፣ ግን የቁጥሩ ርቀት ለእኔ በቂ ነበር። ለዐይናችን ክፍሉ «ብሩህ» ይመስለዋል እንጂ ለሰውነት ሰዓት ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ምሳዬን በረንዳ ላይ በላሁ፣ ወረቀት የማነበውንም ውጭ ወስጄ አነበብኩ፤ እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ቆየሁ። በማግስቱ መነጽሩን ያወለቅሁት 4 ሰዓት ላይ ነው፣ በሦስተኛው ቀን 3 ሰዓት ላይ። ከዚያ በኋላ አላስፈለገኝም።

ስለ ሜላቶኒን ሁሌ እጠየቃለሁ። ወስጃለሁ። ሲመሽ አንጎላችን ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ክኒኑ ለሰውነት «መሽቷል» ብሎ የሚናገር መልእክተኛ እንጂ እንደ ሌሎቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶች በግድ የሚደፋ አይደለም። በደረስኩበት አገር ሰዓት ልተኛ ስል 1 ሚሊግራም ወሰድኩ፣ ለአራት ሌሊት። በሰዓቱ ካልተወሰደ እንደ ብርሃኑ ሁሉ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊገፋ ስለሚችል ጠዋት የሚውጡት ሰዎች ያስገርሙኛል። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ባይነካው ይሻላል። በአንዳንድ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥምም።

ቡና እወዳለሁ፤ እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ካፌይን ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ከዚያም በላይ። ይህን እያወቅሁ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ «አንድ ብቻ» ብዬ ጠጣሁ። ማታ 5 ሰዓት ላይ ስተኛ ከሲሶው በላይ ገና ከእኔ ጋር ነበር፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዐይኔ ቦግ አለ። ያኔ ስልክ አላየሁም፣ የቤት ሰዓት አላሰላሁም፣ ምግብም አልፈለግሁም። ጨጓራና ጉበትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ በሌሊት የሚበላ ብስኩት ለእነሱ «ቀኑ ይኸው ነው» ብሎ መመስከር ነው። ደብዛዛ መብራት አብርቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንቅልፌ መጣ።

በአራተኛው ሌሊት ከ5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንዴ ብቻ ነቅቼ ተኛሁ። ባለፈው ጉዞ በዚያው ሌሊት ብስኩት ስዳብስ ነበርኩ። ፈጽሞ ድኛለሁ ማለቴ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ጭንቅላቴ ጥጥ የሞላበት የሚመስለኝ እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚስተካከለው፤ ይህን ማፋጠን የሚቻለው በጥቂቱ ነው። እኔ ያተረፍኩት አለመሳሳቱን ነው። መኪና ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አልነዳሁም፣ አልነዳምም። ያ እስክሪብቶ መሪ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስቤ አውቃለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ፣ ወደ ምዕራብ ማለት ነው፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሰዓታችን በተፈጥሮው ከ24 ትንሽ ስለሚረዝም ማምሸት አይከብደውም። ሥራው አንድ ነው፤ ምሽት ላይ ውጭ ሆኖ የመጨረሻውን ብርሃን መቀበልና ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አለመተኛት። የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቃሁ፣ በአምስተኛው ቀን እንደ ቀድሞዬ ሆንኩ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከእኔ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ወደሚቀር አገር ለ2 ቀን ብቻ ሄድኩ። ለ2 ቀን ሰውነትን ማንገላታት ትርፍ የለውም፣ መልሶ ለመመለስ ነውና። ስለዚህ የቤቴን ሰዓት ይዤ ቆየሁ። ስብሰባዎቹን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው፤ ለእኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ስለሆነ ከእነሱ ሁሉ ይልቅ የነቃሁት እኔ ነበርኩ። የእራት ግብዣቸውን ግን ይቅርታ ጠይቄ ቀረሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር የጠሩኝ፤ በእኔ ሰዓት ከሌሊቱ 9። ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም።