ዊምብልደን፣ ከዳገቱ በላይ ያለው መንደር

ዊምብልደን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቴኒስ ነው። ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች፣ ሣሩ፣ ሰዉ የሚበላው እንጆሪ በክሬም። ለቦታው ግን ቴኒስ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ውድድሩ የተጀመረው በ1877 ነው፤ አሁን ወዳለበት ሜዳ የተዛወረውም በ1922። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) መንደሩ ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። እኔም የሄድኩት እሱን ለማየት ነው።

ከለንደን መሃል በዲስትሪክት መስመር ባቡር ተሳፈርኩና መጨረሻው ላይ ወረድኩ። ጣቢያው አካባቢ ያለው እንደማንኛውም የለንደን ዳርቻ ነው፦ የገበያ ማዕከል፣ ካፌ፣ ግፊያ። ባቡር እዚህ የደረሰው በ1838 ሲሆን ሐዲዱ የተዘረጋው ከዳገቱ ሥር ነበር። ስለዚህ አዲሱ ከተማ እታች ሐዲዱን ተከትሎ አደገ። አሮጌው መንደር እላይ እንዳለ ቀረ። 93 ቁጥር አውቶቡስ ሽቅብ ይወስዳል፤ እኔ ግን በእግሬ ወጣሁት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ይጠባል፣ ቤቶቹም አነስ አነስ ይላሉ። መኪኖቹ መሃል ፈረስ የተቀመጡ ልጆች በሰልፍ ሲያልፉ አየሁ። ጋጣው እዚያው ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው። ሾፌሮቹ አንድም ጡሩምባ ሳያሰሙ ቀስ ብለው ተከተሏቸው።

ዋናው መንገድ ላይ ኢግል ሐውስ የሚባል የጡብ ቤት አለ። በ1613 ያሠራው ሮበርት ቤል የተባለ ነጋዴ ነው፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። የለንደን ሀብታሞች ከከተማው ጢስና በሽታ ሸሽተው እዚህ ኮረብታ ላይ ቤት መሥራት የጀመሩት ያኔ ገደማ ነው። ቤቱ በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1803 አንድ የ15 ዓመት ጀርመናዊ ልጅ እንግሊዝኛ እንዲማር ወላጆቹ እዚህ ትተውት ሄደዋል። ልጁ አርተር ሾፐንሃወር ነው፤ በኋላ ስመ ጥር ፈላስፋ የሆነው። በዘመናችን ደግሞ ቤቱ ጥንታዊ የእስልምና የእጅ ጽሑፎች የሚጠኑበት ተቋም ሆኖ ነበር። አጥሩን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ። አንድ ቤት ይህን ሁሉ ማስተናገዱ ደስ ይላል።

መንደሩ ውስጥ የኖሩት ሰዎች ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ገረመኝ። የባሪያ ንግድን ለማስቆም ዕድሜውን የሰጠው ዊልያም ዊልበርፎርስ በወጣትነቱ ከአጎቱ የወረሰው ቤት እዚህ ነበር። ጓደኛው ዊልያም ፒት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ እየመጣ ያድርበት ነበር። ዊልበርፎርስ በ1786 ቤቱን ለቀቀ። በዚያው ሰሞን ሌላው የፒት ወዳጅ ሄንሪ ደንዳስ ከመንደሩ ጎን ባለው ሰፊ የወል ሜዳ በሌላው ጠርዝ ገባ። በ1792 ዊልበርፎርስ የባሪያ ንግድ ይቁም ብሎ ለፓርላማ ሲያቀርብ፣ ይቁም ግን «ቀስ በቀስ» ይሁን የሚለውን ያስገባው ይኸው ደንዳስ ነው። ንግዱ በሕግ የተከለከለው በ1807 ነው። 15 ዓመት! በዚያ 15 ዓመት ውስጥ ስንት ሰው በሰንሰለት ታስሮ ባሕር እንደተሻገረ ሳስብ የአካባቢው ውበት ሁሉ ለጊዜው ጠፋብኝ።

የደንዳስ ቤት የነበረው ዛሬ ካኒዛሮ ይባላል። አትክልቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። እኛን የሚመለከተው ታሪክም ያለው እዚሁ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ተሰደው እንግሊዝ ሲገቡ፣ ዊምብልደን ውስጥ በሴሊግማን ቤተሰብ ቤት በእንግድነት ተቀምጠው ነበር። የቤቱ እመቤት ሂልዳ ሴሊግማን ቀራጭ ነበረች፤ የንጉሡን የደረት ሐውልት ሠራች። ቤቱ በኋላ ሲፈርስ ሐውልቱ ወደ ካኒዛሮ መጣ። ለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ራስተፈሪያንም እየሄዱ ያዩት ነበር። ጁን 30 ቀን 2020፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰዎች ተሰብስበው ሰባበሩት። ንጉሡ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩትም ጁን 30 ቀን 1936 ነበር። ሁለቱም በኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን ነው።

ወደ ስፍራው አብሮኝ የሄደው እዚያው ለንደን የሚኖር ጓደኛዬ ነው። «ልጆቼን ይዤ እመጣ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔ በበኩሌ ያንን ቀን ሳስብ የሃጫሉም ሞት፣ የሐውልቱም መሰበር ያመኛል። አንዱን ለማዘን ሌላውን መተው አለብኝ ብዬ አላምንም።

ከአትክልቱ ወጥተን ወደ ሜዳው ተሻገርን። ዊምብልደን ኮመን ይሉታል። የወል መሬት ነው። ከአጎራባቹ ፑትኒ ጋር ሲደመር 460 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ኩሬ። ጠባቂዎቹ በፈረስ ይዞራሉ። ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎች ቀይ ሹራብ ወይም ሸሚዝ መልበስ ግዴታቸው ነው፤ የሚንሸራሸረው ሕዝብ ከሩቅ አይቷቸው ከኳሷ እንዲጠነቀቅ ነው።

መሃሉ ላይ የነፋስ ወፍጮ አለ። በ1817 የሠራው ቻርልስ ማርች የተባለ አናጢ ነው፤ መሬቱ የተፈቀደለት የአካባቢውን ሰው እህል እንዲፈጭ ነበር። ነጭ ክንፎቹ ከዛፎቹ በላይ ይታያሉ። አሁን ሙዚየም ስለሆነ ገብቶ የወፍጮውን ዕቃ ማየት ይቻላል።

ይህ ሜዳ የተኳረፉ መኳንንት ሽጉጥ ይዘው የሚገጥሙበት ቦታም ነበር። በመስከረም 1840 ሎርድ ካርዲጋን ሻምበል ተኬትን እዚህ ተኩሶ አቆሰለው። ወፍጮ ፈጪው ቶማስ ዳን ነገሩን ከወፍጮው ሆኖ አየ። የአካባቢው ፖሊስም እሱ ነበር። ሮጦ ወርዶ ሎርዱን ያዘው! በዚያ ዘመን አንድ ወፍጮ ፈጪ የአገሩን መኮንን እጅ ከፍንጅ መያዙ ቀላል ነገር አይደለም። ካርዲጋን የቀረበው መሰሎቹ በሚቀመጡበት የጌቶች ምክር ቤት ፊት ነው። በክሱ የተጻፈውና ምስክሮች የጠሩት የተጎጂው ስም የአንድ ሰው መሆኑ በማስረጃ አልተረጋገጠም ተባለና ነፃ ወጣ። ለኔ የዚህ ታሪክ ጀግና ቶማስ ዳን ነው።

ትልቁ ትግል ግን በ1864 መጣ። የአካባቢው ጉልተኛ ኧርል ስፔንሰር መሬቱ የኔ ነው አለ። የፑትኒውን ክፍል ለቤት መሥሪያ ሊሸጥ፣ የቀረውን አጥሮ መናፈሻ ሊያደርግ፣ ለራሱም ወፍጮው ባለበት ቤት ሊሠራ አሰበ። ወፍጮውም በዚሁ ምክንያት ሥራ አቆመ። ነዋሪው አልተቀበለም። እንስሳ የማሰማራትና ማገዶ የመልቀም መብታችን ከጥንት ጀምሮ ነው፣ አጥር አይታጠርም አሉ። ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሄንሪ ፒክ የተባለ ሀብታም ነጋዴ መራቸው፤ ጉዳዩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1871 ሕግ ወጣ። ስፔንሰር በዓመት 1,200 ፓውንድ እየተከፈለው መሬቱን ለቀቀ። ሜዳው እንዳይታጠርና ቤት እንዳይሠራበት፣ ለሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ተደነገገ።

ይህ ባይሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሜዳው ጎን የሴዛር ሰፈር የሚባል ክብ ምሽግ አለ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት በብረት ዘመን የተሠራ ነው። የግል መሬት ስለነበር በ1875 ባለቤቱ ቤት ላሠራበት ብሎ የአፈር ካቡን ደመሰሰው። ዛሬ የሚታየው ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነገር!

ወደ መንደሩ ስንመለስ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በኩል አለፍን። ግቢው ውስጥ የጆሴፍ ባዝልጌት መቃብር አለ፤ የለንደንን የፍሳሽ ቦይ ዘርግቶ ከተማዋን ከኮሌራ ያተረፈው መሐንዲስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ስለነበር ብዙ አልቆየንም።

ጓደኛዬ የሚኖረው ከሜዳው አቅራቢያ ነው። በየዓመቱ ከሚከፍለው የመዘጋጃ ቤት ግብር ጋር ለሜዳው የሚሆን ተጨማሪ መዋጮ አለበት። ከሜዳው ጠርዝ ሦስት አራተኛ ማይል፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ቤት ሁሉ ይከፍላል፤ ይህም ከ1871ዱ ሕግ የመጣ ነው። ሜዳውን የሚያስተዳድሩት 8 ሰዎች ሲሆኑ አምስቱን በየሦስት ዓመቱ የሚመርጡት እነዚሁ ከፋዮች ናቸው። እሱም ይመርጣል።